መስቀሌን ለዕጣ የሰጠሁ ቀን

ዓለም የተበላሸችው ሰው የተከለከለውን ፍሬ የበላ ዕለት ነው ይባላል። የዓለሙን አላውቅም። የእኔ የተበላሸው ግን በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፍሬ አልበላሁም። ያን ቀን እንዲያውም ምሳም አልበላሁም።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በእኛ አገር የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚታወቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሳያልፍ በፊት ሁሉም ይሯሯጣል፤ ዘመድ ይፈልጋል፣ ደጅ ይጠናል፣ ስልክ ይደውላል። ካለፈ በኋላ ግን ያገኘውም ያጣውም ጎን ለጎን ቆሞ «ፈቃዱ ነው» ይባባላል። ያገኘው ሲለው ፊቱ ወዝ አለው። ያጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ አይለውም፤ ሌላ ሰው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ይልለታል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትከሻዬን ተመትቻለሁ። ሥጋ እንኳ ይህን ያህል ቢመታ ይለሰልሳል። እኔ ጠጠርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ደሳለኝ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትምህርት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቅን። አራት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ ነው ያደርነው፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። (ይህን ያኔ እንደ ምልክት አለመቁጠሬ ይገርመኛል።) ከምረቃው በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የሰብል ባለሙያ መደብ አወጣ። አንደኛው እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛ አለው፣ ባጃጅ በሩ ድረስ ያደርሳል። ሁለተኛው ከሽንዲ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ ነው፤ እዚያ ከወባ በስተቀር ማንም ፈልጎ አይመጣብህም። ውጤታችን እኩል ሆነ። ፈተናውም እኩል፣ ቃለ መጠይቁም እኩል። ሁለታችንም ቆላውን አንፈልግም ነበር፤ በዚያም እኩል ነበርን። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና «እንግዲህ በዕጣ ነው» አሉ።

የወረቀት ዕጣ አልታመነም። ከዚያ በፊት አንዱ ወረቀት ጫፉ ተቆልምሞ ነበር የሚል አቤቱታ ተነሥቶ ነበር መሰል። ስለዚህ እንደ ቅርጫ ይሁን ተባለ። ቅርጫ የማታውቁ ካላችሁ፣ በሬው ታርዶ ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ይደለደላል፤ እያንዳንዱ ድርሻ መደብ ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱ አባል አንዲት ነገር ለዕጣ ይሰጣል፤ ጭራሮ ትሁን ቁልፍ ትሁን ጠጠር፣ ግድ የለም። የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ዕቃህ ያረፈበት ያንተ ነው። ይግባኝ የለውም። ኃላፊውም ሁለቱን የምደባ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። መንግሥትም ሥጋም የሚከፋፈለው በመደብ ስለሆነ ማናችንም አልሳቅንም።

ደሳለኝ ወደ ግቢው ወርዶ አንዲት የባሕር ዛፍ ፍሬ አነሣና ሰጠ። ደንታ የሌለው ሰው! እኔ ግን ያን ጊዜ አማኝ ነበርሁ፤ አማኝ ብቻ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ተባባሪ ነበርሁ። ከማተቤ ላይ ትንሿን የወይራ መስቀል ፈትቼ ሰጠሁ። ለምን? የትኛው የእኔ እንደሆነ እንዳይሳሳት ብዬ ነዋ! ሁሉን የሚያውቀውን አምላክ በምልክት ልረዳው ፈለግሁ። መስቀሏን ዳዊት የጨረስሁ ጊዜ የኔታ ልሳነወርቅ በገዛ እጃቸው ቀርጸው ነው አንገቴ ላይ ያሰሩልኝ።

አሁን ዕጣውን የሚያኖር ሰው ተፈለገ። ዘበኛው ኮሪደሩን አየት አደረገና፣ ለደብራቸው ችግኝ ሊጠይቁ የመጡ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘ። እኔና ደሳለኝ ደረጃው አናት ላይ ቆመናል፤ ሽማግሌው ሲገቡ ከጀርባቸው አየኋቸው። የኔታ ልሳነወርቅ! ልቤ ዘለለ። ወደ ላይ ነው የዘለለው፣ ወደ ታች ነው፣ እስካሁን አልለየሁትም። «ያውቁኛል» ብዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። እግዚአብሔር የራሴን የኔታ ልኮልኛል፣ ምን አፌን አስከፈተኝ?

በሩ ሲከፈት የኔታ ቀድመው ወጡ። ዘንጋቸውን እየመቱ በአጠገቤ አልፈው ወረዱ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ደሳለኝ እየሮጠ ገባና ወዲያው እልል ሲል ሰማሁት፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መስቀሌ የቆላው ደብዳቤ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «እግዚአብሔር ያለው ነው ልጄ» አሉኝ። የመጀመሪያዋ ምት እሷ ናት።

አሥራ አንዱን ዓመት አልዘረዝርም። ወባውን ተዉት። ልታገባኝ የነበረችው ልጅ እናት «ቆላ አንሰድም» ያሉትንም ተዉት። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ አባቴ ያረፉ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ከወዲያኛው ዳር ሁለት ቀን ቆሜያለሁ፤ ስደርስ አፈሩ ደርቋል። ለቅሶው ላይ የኔታ ልሳነወርቅ ነበሩ። መሬት መሬት እያዩ «ሁሉም በፈቃዱ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው እንደ እሾህ የገባው። መስቀሏን ያን ቀን ዐውቀዋታል ወይስ አላወቋትም?

ቆላ መንፈሳዊ አገር ነው፤ ሰው ሌላ የሚያወራው የለውም። ከወለጋ የመጣ ቶሎሳ የሚባል የጤና ባለሙያ ነበር፤ ጴንጤ ነው፣ እያከመ ይሰብካል። የሚድነውና የማይድነው ዓለም ሳይፈጠር ተቆርጧል፣ ሰው በጸጋ እንጂ በራሱ ሩጫ አንዲት ጋት አይራመድም ይለኛል። አንድ ቀን አርባ ዲግሪ እየነደድሁ ወባዬስ ብዬ ጠየቅሁት። እሷም በዕቅዱ ውስጥ ናት አለኝ። ታዲያ መርፌውን ለምን ትወጋኛለህ አልሁት። «መርፌውም በዕቅዱ ውስጥ ነው፣ ዙር» አለና ወጋኝ። ዶግማው አላሳመነኝም። መርፌው ግን አዳነኝ፤ ይህም ለእሱ ማስረጃ ሆነለት።

የአጥቢያው ቄስ ደግሞ በዚህ ሲስቁ አይጣል ነው። እግዚአብሔር አስቀድሞ ያውቃል፣ ግን ማንንም አያስገድድም፤ ጸጋውን ይዘረጋል፣ እጅህን ዘርግተህ የምትቀበለው አንተ ነህ አሉኝ። ደግሞም ወድዶ የሚያደርገው አለ፣ ዝም ብሎ የሚፈቅደው አለ፤ ሁለቱን አታምታታ ብለው ገሠጹኝ። እኔ አላምታታም። የተማርሁ ሰው ነኝ። ያልገባኝ የእኔ መደብ ከየትኛው እንደሆነ ነው። ወድዶ ከሆነ፣ እሺ፤ አምላክ ነው፣ አጎነብሳለሁ። ዝም ብሎ ፈቅዶ ከሆነ ግን ያደረገው ሌላ ነው። ያ ሌላ ደግሞ ስም አለው፤ ዘንግም ይይዛል።

ዘንድሮ ለዳግም ትንሣኤ ቡሬ አጎቴ ዘንድ ወጣሁ። አጎቴ አያ ሙላት ስልክ ደውለው፣ የኔታ ሊመንኑ ነው፣ ሰኞ ጠዋት በአውቶብስ ይሄዳሉ፣ ከገዳሙም አይመለሱም፣ እሑድ ለስንብት እኛ ግቢ ይውላሉ ስላሉኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት «ዛሬ ነገ» ያልሁት ጥያቄ አንድ ቀን ቀረው።

ስደርስ በሬው ታርዶ ስምንት አባላት ቢላ እያፋጩ ነው። ከስምንቱ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደሳለኝ! ቡሬ በኃላፊነት ተዛውሮ የአጎቴ ጎረቤት ሆኗል፤ ማንም አልነገረኝም። የታሸገ ውኃውን እንደያዘ መጥቶ አቀፈኝ። «አንተ አስማማው! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሰልኸው? ቆላው ሊጨርስህ ነው እኮ!» አለና ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰው በድሎህ ቢስቅ አንድ ነገር ነው። ምንም ሳይበድልህ ዕድሜህን ለብሶ ሲስቅ ምን ትለዋለህ? «ጠጣ እንጂ» ብሎ ውኃውን ዘረጋልኝ። አልጠማኝም አልሁ። ጠምቶኝ ነበር።

የኔታ ከግቢው ዳር ካለው አቮካዶ ሥር መደገፊያ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መንምነዋል። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ጀርባዬን ለሥጋው ሰጠሁ። ገና አፌን ስከፍት አንዲት ሴት መጥታ «የኔታ፣ በጸሎትዎ አይርሱኝ» አለች። እሷ ስትሄድ ሌላ መጣ። እሱ ሲሄድ አያ ሙላት ራሳቸው መጥተው ጠላ ካልቀዳሁ ብለው ተከራከሩ። ፀሐይዋ ትንቀሳቀሳለች። ከኋላዬ የዕጣ ዕቃ ይዋጣ ሲባል ይሰማኛል፤ ቅርጫው ሲያልቅ ሰው ሁሉ የኔታን ሊሸኝ ይከባል።

«የኔታ፣ የዚያን ቀኑን ፍኖተ ሰላም ያስታውሱታል?» አልኋቸው።

መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆመ። ከዚያ ጀመሩ። መግቦቱ ረቂቅ ነው ልጄ፤ ለወፍም ለአንበሳም የሚያስብ አምላክ ለአንተ አላሰበም አይባልም፤ ሐዋርያትም የጎደለባቸውን በዕጣ ነው የሞሉት፤ የሰው ልብ ያቅዳል፣ መንገዱን የሚያቀናው ግን... እያሉ ቀጠሉ። ድሮ ድምፃቸው እንዲህ ሲፈስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን እጃቸውን ያዝሁ። ተማሪ የየኔታን እጅ እንዲህ አይዝም፤ አውቃለሁ።

«የኔታ፣ ስለ እግዚአብሔር አልጠየቅሁም። ስለዚህ እጅ ነው የጠየቅሁት። መስቀሏን ዐውቀዋት ነበር?»

«የቀረጽኋትን መስቀል አላውቅም ብዬ ልዋሽህ?» አሉ። «ከእነ ስንጥቋ ዐወቅኋት። እጄም መጀመሪያ የሄደው ወደ ከተማው ደብዳቤ ነው። ኋላ ደነገጥሁ። ለተማሪው አዳላ፣ የማያውቀውን ልጅ እንጀራ ቀማ፣ ተብሎ በሰማይ ቢጻፍብኝስ አልሁ። መለስኋት። ወደ ቆላው አኖርኋት። ለጽድቅ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ለማን ጽድቅ ብዬ ጠየቅሁ።

«ለእኔ» አሉ።

ምን ብል ደስ ይላችሁ ነበር? እኔ ከአፌ የወጣው ትንሽ ነገር ነው። ልጁን ዐውቀዋለሁ፣ ሌላ ሰው ይጠራልኝ ማለት አይችሉም ነበር ወይ አልኋቸው። አንዲት ቃል! ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ አልታየኝም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳይታየኝ የዋለበት ቀን የለም፣ የምመንነውም አንዱ በእሱ ነው አሉ። ታዲያ በአባቴ ለቅሶ ፈቃዱ ነው ያሉኝ ምን ይሁን ብለው ነው አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ቢላ የሚያፋጨው ቀና አለ። የኔታ ቶሎ ብለው፣ እግዚአብሔር እኔ የማደርገውን አስቀድሞ ያውቃል፣ ማወቁ ግን መወሰን አይደለም፤ ማወቅ ሌላ፣ መወሰን ሌላ ነው፣ ይህን ካምታታህ ሃይማኖትህ ይናጋል አሉኝ።

«እርስዎም ዐወቁ እኮ፣ የኔታ። እርስዎ ሲያውቁ ግን ወሰኑ።»

ሊመልሱልኝ ነበር። እምላለሁ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል። በዚህ መሐል ከኋላዬ «አስማማው! ና እስቲ ዕጣውን አኑርልን!» የሚል ጥሪ መጣ። አያ ሙላት ናቸው። አባል አይደለህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ ነው የተቀመጥኸው፣ ካንተ የተሻለ ገለልተኛ የት ይገኛል አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ተነሣሁ። የኔታም ዘንጋቸውን ተደግፈው ተከተሉኝ።

ስምንት መደብ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርድሯል። እኩል ናቸው ይባላል። ዓይን ያለው ግን ሰባቱ እኩል መሆናቸውን፣ ስምንተኛው አንገትና አጥንት የበዛበት መሆኑን ያያል። አያ ሙላት ባርኔጣቸውን ዘቅዝቀው ዕቃዎቹን እጄ ላይ አፈሰሱልኝ፤ ቁልፍ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ ጥርስ፣ ጠጠር፣ አዝራር፣ የጥድ ቅጠል፣ የክብሪት እንጨት፣ አንዲት ሰማያዊ የውኃ ጠርሙስ ክዳን።

ቀና አልሁ። ደሳለኝ ክዳን የሌለው ጠርሙስ ይዞ ቆሟል።

ልብ በሉ፤ የኔታን «ሌላ ሰው ይጠራልኝ ማለት አይችሉም ነበር ወይ» ካልኋቸው አምስት ደቂቃ አልሞላም። አንዲት ቃል ናት ብያለሁ። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፤ በምላሴ እነካታለሁ። አፌ ግን አልተከፈተም። «አኑረው እንጂ፣ ሥጋው ሊሸት ነው!» አለ አንዱ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሲያሰላ ነው» አለ ሌላው።

እውነትም አሰላሁ። ክዳኑን አንገቱ ላይ ባኖር በቀል ነው። ደኅናው ላይ ባኖር የየኔታን ጽድቅ ልደግም ነው፤ ንጹሕ ለመባል ሌላውን መጉዳት። እንደ ዕውር በዘፈቀደ ልጣለው ብል ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው የማላየው? አንዴ ዐውቄዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሊቃውንቱን «ማወቅ ሌላ፣ መወሰን ሌላ» ስሰማ ኖሬ፣ ተራው የእኔ ሲሆን ሁለቱን የሚለይ ስንጥቅ ጣቶቼ መካከል ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ ብልሃት መጣልኝ። ሌሎቹን ሰባት ቶሎ ቶሎ አኖራለሁ፤ የቀረውን መደብ ክዳኑ ይውሰደው፤ እኔ የለሁበትም። ቁልፉን አኖርሁ፣ ጠጠሩን፣ አዝራሩን፣ ሌላውንም ሁሉ። እጄ እንደ መኪና ሄደ። ሰባቱን ጨርሼ ሳይ የቀረው አንገቱ ነው።

እኔ ተውሁት? እጄ ዘለለው? እንጃ። እጄ ያውቅ ነበር ብላችሁ አልከራከርም። ክዳኑን አኖርሁት።

የኔታ ከማዶ ቆመው ክዳኑን አዩ፤ የደሳለኝን ጠርሙስ አዩ፤ እኔን አዩ። ደሳለኝ ግን ወደ መደቡ ቀረበና አጥንቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ሰዉ «ዛሬስ ዕጣው ጨክኖብሃል!» እያለ አሾፈበት። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ተመኘሁ። ቢቆጣ እፎይ ባልሁ። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፣ አማተበ፣ ደስ ብሎት «ተመስገን! እሱ ያለው ነው» አለ። ከዚያ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይክፋህ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ የእግዚአብሔር ነገር ነው» አለኝ። እኔን ያጽናናኛል!

ይኸው ሰኞ ጠዋት ነው። ቡሬ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። የኔታ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል፤ ዘንጋቸው በጉልበታቸው መካከል ነው። ትናንት አየሁህ፣ ልጄ አሉኝ። እንዳዩኝማ አውቃለሁ፤ እኔም አይቼዎታለሁ፣ በዚህ በኩል ተካክለናል። የእኔን አሥራ አንድ ዓመት አሁን አልጠይቅዎትም። የደሳለኝን «ተመስገን» ብቻ ነው የምጠይቅዎት። ያ ምስጋና ወዴት ሄደ? ወደ ላይ ከሄደና አምላክ ከተቀበለው፣ አንገቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ እኔም ንጹሕ ነኝ፣ እርስዎም ንጹሕ ነዎት፣ አፌን ዘግቼ ቆላዬ እወርዳለሁ። ወደ ላይ ካልሄደ ግን እዚህ ታች የቀረው እኛ ዘንድ ነው፤ የእግዚአብሔርን ምስጋና ይዘን የቆምን ሁለት ሰዎች ነን፣ አንዳችን ልንመንን፣ አንዳችን ልንወርድ። ከሁለቱ አንዱን ይበሉኝ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፍቶታል። መስኮቱን አይዝጉት፣ የኔታ፤ ይመልሱልኝ!